አምስተኛውን ሯጭ ወደ አንደኛው ማቅረብ፦ ከአዳምስ ስቴት የወሰድነው

ሰላም ሯጮች! ባለፈው ስለ ጫማ አወራን፣ ዛሬ ወደ ሩጫው።

ሰሞኑን የአዳምስ ስቴት ዩኒቨርሲቲን የሩጫ ቡድን ታሪክ ሳገላብጥ ከረምኩ። እዚሁ ኮሎራዶ፣ አላሞሳ ያለ ትንሽ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው። ከተማዋ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነች፣ ከአዲስ አበባ ብዙም አትለይም። ብርዱ ግን አያድርስ ነው! በ1968 እ.ኤ.አ. አሜሪካኖች የኦሊምፒክ ማራቶን ማጣሪያቸውን እዚያ ያካሄዱት ኦሊምፒኩ የሚካሄድባት ሜክሲኮ ሲቲም ከፍታ ላይ ስለሆነች ነው። ወርቁን ማን እንደወሰደው ታውቃላችሁ፣ ማሞ ወልዴ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። በአሜሪካ ኮሌጅ አገር አቋራጭ ውድድር ከአንድ ቡድን ሰባት ሰው ይሰለፋል፣ የመጀመሪያዎቹ አምስት የገቡበት ደረጃ ይደመራል፣ ትንሽ ነጥብ ያለው ቡድን ያሸንፋል። ስድስተኛውና ሰባተኛው አይደመሩም፤ ግን የሌላውን ቡድን ሯጭ ከቀደሙ ነጥቡን ያበዙበታል። አንደኛ የሚወጣ ጀግና ኖሮህ አምስተኛህ 90ኛ ከገባ ዋንጫውን እርሳው። በ1992 እ.ኤ.አ. የአዳምስ ስቴቱ አሰልጣኝ ጆ ቪጂል ልጆች በዲቪዥን ቱ (በኮሌጅ ስፖርት ሁለተኛው እርከን) ሻምፒዮና ከ1ኛ እስከ 5ኛ ያለውን ጠቅልለው ወሰዱት። ድምሩ 15፣ ከዚያ በታች የሚባል ነጥብ የለም።

ይህን ካነበብኩ በኋላ የቅዳሜ ቡድናችንን አየሁት። ፈጣኖቹ ጥለውን ይሄዱና ስንደርስ መኪና ውስጥ ሙዚቃ ከፍተው ይጠብቁን ነበር። አብሮ መሮጥ የሚባለው ይሄ ነው እንግዲህ።

አሁን ቼሪ ክሪክ በሚባለው መሮጫችን ላይ እንዲህ እናደርጋለን። ሁሉም እኩል ይነሳል። 15 ደቂቃ በጠንካራ ፍጥነት ከሮጥን በኋላ ሰዓቱ ሲጮህ ሁሉም ካለበት ይዞራል። ስንዞር ፈጣኖቹ ከኋላ ይሆናሉ፣ እኛ ከፊት፣ እነሱ ያባርራሉ እኛ እንሸሻለን። አምስተኛችን፣ ሁለት ልጆች አሳድጋ ሩጫ የጀመረች እህታችን፣ ከኋላዋ ኮቴ ስትሰማ የምታወጣውን ፍጥነት ብታዩ! በ5 ኪሎ ሜትር ከአንደኛው እስከ እሷ ያለው ክፍተት ከአራት ደቂቃ በላይ ነበር፣ አሁን ከሁለት ብዙም አይዘልም። የአንደኛው ሰዓት ግን ንቅንቅ አላለም፣ በዚህም ትንሽ ቅር ብሎታል መሰለኝ።

ቀላል ሩጫ በምንሮጥበት ቀን ደግሞ ወሬ ግዴታ ነው። ማውራት ያቃተው ፍጥነት ይቀንሳል፣ አለቀ።

የሚሮጥ ልጅ ላላችሁ፦ ዲቪዥን ቱን አትናቁ፤ ግን ሙሉ ስኮላርሺፕ ብቻ አትጠብቁ። አንድ ትምህርት ቤት ለወንዶች አገር አቋራጭና ትራክ በጥቅል መስጠት የሚችለው ቢበዛ የ12.6 ሰው ሙሉ ስኮላርሺፕ ያህል ነው፣ ለሴቶቹም እንዲሁ። ስለዚህ ለብዙ ልጅ ተከፋፍሎ ነው የሚደርሰው። የትምህርት ውጤቱ ጥሩ ከሆነ በዚያ በኩል የሚገኘውንም ጠይቁ።

የፊታችን ቅዳሜ ዳገት ነው። ስድስተኛና ሰባተኛ ሰው ስለሌለን አውሮራ አካባቢ ያላችሁ ብቅ በሉ።