ንጉሡ ሠ በማዳበሪያ

ደሴ ውስጥ መዝገብ ቤት የሠራ ሰው አንዲት ዓረፍተ ነገር በቃሉ ይዟል። «በጦርነቱ ጠፍቷል።» እኔ ደግሞ ከማንም አሳምሬ እላታለሁ። አንገቴን ዘንበል አደርጋለሁ፣ በረጅሙ እተነፍሳለሁ፣ ከዚያ እላታለሁ። ባለጉዳዩ አብሮኝ ያዝናል። አንዳንዱማ «አይዞህ» ብሎኝ ይወጣል።

ውሸት አልነበረም። ከጥቅምት 2014 ማገባደጃ እስከ ኅዳር ማገባደጃ ከተማችን ምን እንዳሳለፈች የደሴ ሰው ያውቃል። ወደ ሥራ ስንመለስ ኮሪደሩ ላይ ወረቀት ተነጥፎ ነበር። የሰው ካርታ ላይ የጫማ ምልክት አይቻለሁ። ተንበርክኬ ለቅሜያለሁ። የተረፈውን በየቀበሌው ለይተን ደረደርን። ያልተገኘውን «የለም» ብለን መዘገብን። እስከዚህ ድረስ ንጹሕ ነኝ።

ታኅሣሥ 2017፣ ጠዋት። የጦሳ ተራራ ብርድ በመስኮቱ ስንጥቅ ይገባል። አንዲት እናት ከኮምቦልቻ መጡ። ከኋላቸው የልጅ ልጃቸው ፌስታል ይዞ ቆሟል። ኮምቦልቻ ሞቃት ናት፤ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ የሚደርስ ሰው ሁልጊዜ ልብሱ ያንሰዋል። እማማ ግን ለምደውታል፤ ጋቢ ደርበዋል። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባለጉዳይ ግን በኪሎ ሜትር አይቆጥርም፣ በምልልስ ነው የሚቆጥረው። ያ ስድስተኛቸው እንደነበረ በኋላ ነገሩኝ።

ጉዳያቸው ስም ዝውውር ነው። አባታቸው ካረፉ ቆይተዋል። ወራሽነቱ በፍርድ ቤት ተረጋግጧል። የቀረው ፋይሉ ነው። ማመልከቻው ጥግ ላይ የኃላፊው ምሪት አለ፦ «በደንቡ መሠረት ይስተናገዱ»። ይህን ምሪት ለማንም ይጽፉታል። እኔ የማየው ስሙን ነው። ሰይድ ይላል። ወሎ ላይ በሰይድ ስም ፋይል የፈለገ ሰው ያዝንልኛል። የሰ መደርደሪያ ጋ ሄጄ ሰይዶቹን አንድ በአንድ አገላበጥኩ። የአባት ስም የገጠመ የለም። ተመለስኩ። አንገቴን ዘንበል አደረግኩ።

«እማማ፣ በጦርነቱ ጠፍቷል።»

«በየትኛው?»

እውነታቸውን ነው። ደሴ ላይ «ጦርነቱ» ብሎ ዝም አይባልም። ጣሊያን በኅዳር 1928 በአውሮፕላን የደበደባት ከተማ ናት።

«በ2014ቱ ነዋ።»

«እንግዲያውስ አልጠፋም» አሉ ረጋ ብለው። «ከዚያ በኋላ አይቼዋለሁ።»

«የት አዩት?»

«እዚሁ። አንተው ነህ ያወጣህልኝ።»

ሳቅ አልኩ። ሌላ ሰው ይሆናል አልኳቸው። እዚህ ክፍል ውስጥ ብዙ ሠራተኛ ገብቷል ወጥቷል አልኳቸው። እርሳቸው ግን ፊቴን እያዩ ቀጠሉ።

«ሻይ ስትጠጣ ነበር። ስገባ ብርጭቆውን ከጠረጴዛው ሥር ደበቅከው። ረመዳን ነበር። ለጾመኛ ያሰበ ልጅ ብዬ ወላሂ መረቅኩህ።»

ጎኔ የምትቀመጠው ባልደረባዬ ቀና አለች። ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን ገጥመው ነበር። እኔም መጾም ነበረብኝ፤ ሰዓቱም ገና ረፋድ ነው። ብርጭቆውን የደበቅኩት ከእማማ አይደለም። ከባልደረባዬ ነው። እርሷና ባለቤቴ አንድ ማኅበር ይጠጣሉ። እና ለሁለት ዓመት ያህል ባልተገባኝ ምርቃት ስኖር ነበር ማለት ነው።

እዚህ ላይ የልጅ ልጅ ገባ። ሕግ ይማራል። «ጋሼ፣ በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት ማንኛውም ሰው መረጃ የማግኘት መብት አለው። ጥያቄው በ30 ቀን ውስጥ መልስ ማግኘት…»

«ቁጭ በል» አሉት እማማ። ተቀመጠ። አዋጁን አውቀዋለሁ። አንድ ሰሞን ሥልጠና ወስደንበታል፤ አበሉም ጥሩ ነበር። ቸር ይስጠውና ልጁ ትክክል ነው። ግን እኔ ደንግጬ የነበረው በአዋጁ ሳይሆን በሻዩ ነው።

እማማ ፌስታሉን ተቀብለው መፍታት ጀመሩ። ፌስታል ውስጥ ፌስታል፣ እሱ ውስጥ ጨርቅ፣ ጨርቁ ውስጥ በአራት የታጠፈ ወረቀት። ዘረጉልኝ። ፎቶኮፒ ነው። ግርጌው ላይ «ከዋናው ጋር ተገናዝቧል» የሚል ማኅተም አለ። መጋቢት 27 ቀን 2015። ከሥሩ የእኔ ቲተር፣ ስሜ ያለበት ማኅተም። ከቲተሩ ላይ የእኔ ፊርማ፣ ያቺ መጨረሻዋ ላይ እንደ ድመት ጭራ የምጠቀልላት።

መጀመሪያ ምን እንዳሰብኩ ልናገር። ፎርጅድ ነው ብዬ አሰብኩ። የገዛ ፊርማዬን። ወደ መስኮቱ ወስጄ በብርሃን አየሁት። ሰውዬው እኔ ነኝ።

ወረቀቱ ደግሞ ተራ ወረቀት አይደለም። ሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤትን በሙሉ የመንግሥት አደረገ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ተተወለት። ከተወረሱት ውስጥ ኪራያቸው በወር ከ100 ብር ያልበለጠው ወደ ቀበሌ ገቡ። ለዚህ ነው በድሮ ሰፈሮቻችን ሁለት ቤት ጎን ለጎን ቆሞ፣ በአንድ ጭቃ ተመርጎ፣ አንዱ የግል አንዱ የቀበሌ የሚሆነው። የሚለያቸው ግድግዳ አይደለም፣ ፋይል ነው። የእማማ ወረቀት ቤቱ ለአባታቸው በመኖሪያነት የተተወ መሆኑን ይናገራል። ግን አንድ ገጽ ነው። የቀረው ፋይሉ ውስጥ ነው። ፋይሉም «በጦርነቱ ጠፍቷል»።

«ይመለሱ፣ በሳምንቱ ይምጡ» አልኩ። ይህቺም የተለመደች ናት። እማማ ግን «አብሽር፣ ፈልገው» ብለው ተነሡ። በሩ ጋ ሲደርሱ ዘወር ብለው ጠረጴዛዬን አዩ። የዛሬው ሻይ ተቀምጧል። ምንም አላሉም።

ያን ቀን ሰን ጨረስኩ። በማግስቱ ሸን ጨመርኩ፣ ምናልባት ሸይኽ ተብሎ ገብቶ እንደሆን። የለም። በሦስተኛው ቀን ነው ፎቶኮፒውን ቀስ ብዬ ያነበብኩት። «ሠይድ» ይላል። በንጉሡ ሠ። ማመልከቻው ላይ ያየሁት እሳቱ ሰ የበር ላይ ጸሐፊው ነው፤ እሱ ኪቦርዱ ላይ የቀረበችውን ነው የሚመታው።

ከእኔ በፊት የነበሩት የመዝገብ ቤት ሰው የቄስ ትምህርት የተማሩ ነበሩ። ሀሌታውን ሀ ከሐመሩ ሐ፣ ሐመሩን ከብዙኃኑ ኀ ይለያሉ። የአረብ ስም ሲመጣ ግን ሕግ ስለሌለው የራሳቸውን ሕግ አወጡ። ለሚያከብሩት ሽማግሌ ንጉሡን ይሰጣሉ፣ ለሌላው እሳቱን። ይህን ሲነግሩኝ በሳቅ ነው የነገሩኝ። የእማማ አባት የተከበሩ ሰው ነበሩ ማለት ነው።

ወደ ሠ መደርደሪያ ሄድኩ። መ አለቀ። ቀጥሎ ረ ነው።

ቆምኩ። ሀ ለ ሐ መ ሠ ረ። ሕፃን ያውቀዋል። ከአንድ ዓመት በላይ በዚያ መደርደሪያ አጠገብ ስመላለስ አንድ ፊደል መጉደሉን አላየሁም።

ካይዘን ትዝ አለኝ፤ ያ ከጃፓን የመጣው የሥራ ቦታ ማሻሻያ ዘዴ። በ2016 መጀመሪያ ላይ ነው። «አምስቱ ማዎች» የሚል ባነር ተሰቅሎ ነበር፤ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት እያለ የሚሄደው። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ቀበሌዎች ሲዋሐዱና ሲከፈሉ፣ ቁጥራቸውም ስማቸውም ሲቀየር፣ በቀበሌ የተደረደረ ፋይል ማግኘት አሳር ሆኖ ነበር። ሁሉም በስም ፊደል ይሁን ተባለ። ደረደርን። ሠ ላይ ስንደርስ የዚያን ጊዜው ቡድን መሪያችን ቆም አሉና «ንጉሡን እኮ ደርግ አውርዶታል፤ እኛ መደርደሪያ ላይ አንሾመውም» አሉ። ሳቅን። ጥሩ ቀልድ ነበር፣ አሁንም እስቃለሁ። የሠ ፋይሎች ወርደው ከሰ ጋር እንዲቀላቀሉ ተወሰነ። ወረዱ። ሳይቀላቀሉ ግን ገምጋሚዎቹ ደረሱ። ክፍሉ ንጹሕ መምሰል ስላለበት ለጊዜው ተብሎ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወሩ።

ለጊዜው!

ግምገማውን በከፍተኛ ውጤት አለፍን። ሰርተፍኬቱ አሁንም ግድግዳው ላይ አለ። ትንሽ ጠሞ ነው የተሰቀለው። ከአምስቱ ማዎች ውስጥ ማቃናት የሚባል የለም።

ከደረጃው ሥር፣ ከተሰበሩ ወንበሮች ኋላ፣ ሦስት የዩሪያ ማዳበሪያ አገኘሁ። አፋቸው በሲባጎ ታስሯል። የመጀመሪያውን ስፈታ ሣህሉ ወጣ። ከዚያ ሣራ። ሥዩም፣ ሥዩም፣ ሠናይት። ሁለተኛው ማዳበሪያ ውስጥ ሠይዶች። የእማማ አባት ከሥር ነበሩ። ገመዱ እንኳ አልላላም። ጦርነቱ ያልነካውን እኛ በቀልድ ደረጃ ሥር አስገባነው።

ለቀድሞው ቡድን መሪ ደወልኩ። አድገው ሌላ ቦታ ሄደዋል። ሳቁ። «አንተ! እሱን እኮ አንተ ልትመልሰው ነበር» አሉኝ። እውነት ለመናገር የመደርደሪያዎቹን ፊደል በማርከር የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከመ ቀጥሎ ረ ብዬ የጻፍኩት እጅ ይህ እጅ ነው። ስለዚህ ስልኩን በትሕትና ዘጋሁ። ከዘጋሁ በኋላ ያልኩት እዚህ አይጻፍም።

እማማ በሳምንቱ መጡ። ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። የፋይል አደረጃጀት፣ የፊደል ቅደም ተከተል፣ የመሳሰለውን። ፋይሉን ጠረጴዛው ላይ ሳይ ግን ሁሉም ጠፋኝ።

«ተገኘ» አልኩ።

«የት?»

«እዚሁ።»

«እዚሁ እንዳለማ እኔ ነገርኩህ» አሉ። ከዚያ ለልጅ ልጃቸው፣ «ጦርነቱ መለሰው» ብለው ነገሩት። ልጁ አልሳቀም። ስሜን ከቲተሩ ላይ ደብተሩ ላይ ገለበጠ። ጠበቃ ይወጣዋል።

አንድ ነገር ልምከር እንጂ፣ ቤት ያላችሁ የድሮ የቦታ ኪራይ ደረሰኝ አትጣሉ። የድሮው ቀበሌ ቁጥርና የስሙ አጻጻፍ እሱ ላይ አለ። ወደ መዝገብ ቤት ስትመጡ ስሙን በቃል አትንገሩን። ወረቀቱን አሳዩን። እኛ በጆሯችን ነው የምንፈልገው፤ ለጆሮ ደግሞ ንጉሡም እሳቱም አንድ ነው።

እኔም ከዚያ ወዲህ «ጠፍቷል» አልልም። «አልተገኘም» እላለሁ። ባለጉዳዩ ልዩነቱ አይገባውም። በሁለቱም ወደ ቤቱ ነው የሚመለሰው።

የሚቆጠቁጠኝ ግን እማማ አይደሉም። እርሳቸውስ ፌስታል ነበራቸው። ያ ሁሉ ሥዩም፣ ያ ሁሉ ሣህሉ ነው። ማታ የባለጉዳይ መመዝገቢያውን ይዤ ተቀመጥኩ። ከካይዘን ወዲህ «በጦርነቱ ጠፍቷል» ብዬ የመለስኳቸውን ከማዳበሪያዎቹ ጋር አስተያየሁ። መመዝገቢያው ላይ ሁሉንም በእሳቱ ሰ ነው የጻፍኳቸው፣ ስለዚህ ማን ንጉሥ ማን እሳት እንደሆነ ለመለየት ሦስት ምሽት ፈጀ። አሥራ አራት ሰው ወጣ። ማስታወቂያ እንለጥፍ ብዬ ኃላፊውን ጠየቅኩ። «ምን ብለን?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። አልተለጠፈም።

በራሴ ስልክ መደወል ጀመርኩ። የሁለቱ ቁጥር አይሠራም። አንዷ ፋይሉን ምስክር ቆጥራ እንደ አዲስ አደራጅታ ጨርሳለች፤ አመሰገነችኝ፣ እሱ ባሰ። አራተኛው ሥዩም ነው። ማን እንደሆንኩ ነገርኩት። ፋይሉ መገኘቱን ነገርኩት። የት እንደነበረ ጠየቀኝ፣ ያንንም ነገርኩት። ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ መስደብ ጀመረ። ጥሩ አድርጎ ነው የሚሳደበው፣ ቃል አይደግምም። ስድቡ ሳያልቅ ካርዴ አለቀ።

መልሶ ይደውላል ብዬ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ጠበቅኩ። ሻዬ ቀዘቀዘ። አልደወለም።