ማውዜን ዝም ለማሰኘት ስል ያበላሸሁት

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ አጠገብ የተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ እየተየብኩና እያስተካከልኩ ነው የምተዳደረው። ሥራው ግንቦትና ሰኔ ላይ ይከመራል፤ ሌሊትም ይሠራል። ዘንድሮ ሰኔ የገባው ልጃችን በተወለደች በሁለተኛ ሳምንቷ ነው። ቤታችን አንድ ክፍል ናት፤ አራሷና ሕፃኗ አልጋ ላይ፣ እኔ ከመጋረጃው ወዲህ። ቀን ከነጭራሹ የማይሰማው የማውዝ ጠቅታ ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ እንደ ጥፍር መቁረጫ ይጮሃል። ልጅቷ በተጫንኩ ቁጥር ሁለት እጇን ብድግ አድርጋ ትደነግጣለች። ሊያርሷት ከዳባት የመጡት አማቴ በሦስተኛው ቀን፣ «ልጄ፣ የዚችን ነገር አፏን አትይዝልንም?» አሉኝ።

መጀመሪያ ያባከንኩት ብር ነው። ፒያሳ ካለ አንድ ሱቅ ካርቶኑ ላይ «ድምፅ አልባ» የሚል የተለጠፈበት ማውዝ ገዛሁ። ቤት ስሞክረው ከድሮው ቢብስ እንጂ አያንስም። ልመልስ ስሄድ ሻጩ ልጅ ቀና እንኳ ሳይል በጣቱ ግድግዳውን አሳየኝ፦ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም። እዚያው ባንኮኒው ላይ ጆሮህ ሥር አስጠግተህ ካልተጫንከው በቀር ካርቶን አትመን።

ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚመክረውን ሞከርኩ፤ ከቁልፉ ሥር ቁራጭ ስፖንጅ መለጠፍ። ከንቱ ድካም ነው። የሚጮኸው ላዩ ላይ ያለው ፕላስቲክ ሳይሆን ከሥሩ ያለችው ትንሽ ስዊች ናት። ውስጧ እንደ ቅጠል የሳሳች ብረት አለች፤ ስትጫናት ተገልብጣ አንዱን ጫፍ ትመታለች፣ ስትለቃት ተመልሳ ሌላውን። ለዚህ ነው አንድ ጠቅታ ልብ ብለህ ስትሰማው ሁለት የሆነው። ስፖንጁ ጣቴን አደከመው እንጂ ድምፁን አልነካውም።

መፍትሔው ስዊቿን ነቅሎ ድምፅ አልባዋን መተካት ነው። ጎንደር ውስጥ ጠይቄ አላገኘሁም፤ አዲስ አበባ ያለ ዘመዴ ሁለት ላከልኝ። ከማዘዝህ በፊት የራስህን ለካ። የተለመደችው ባለ ሦስት እግሯ 12.8 በ5.8 በ6.5 ሚሊሜትር ናት፤ ድምፅ አልባ እየተባሉ ከሚሸጡት ውስጥ ቅርጻቸው ሌላ የሆነ፣ በማውዙ ቦርድ ቀዳዳ የማይገቡ አሉ።

መክፈቱ ቀላል ነው። ቪቴዎቹ ከሥር ከተለጠፉት የመንሸራተቻ ላስቲኮች ጀርባ ተደብቀዋል፤ ላስቲኩን በምላጭ ቀስ ብለህ አንሳው፣ በካቻቢቴ ፍታ።

አሁን ወደ ጥፋቴ። ቅዳሜ ከሰዓት በረንዳ ላይ ወጥቼ መበየጃዬን ሰካሁ። ያየኋቸው ቪዲዮዎች ሁሉ «የድሮውን ሊድ በመምጠጫ ምጠጥና ስዊቿን አንሳ» ይላሉ። ሊድ የምንለው የስዊቿን እግሮች ከቦርዱ ጋር አጣብቆ የያዘውን የብየዳ ብረት ነው። መጠጥኩ። የላዩ ወጣ፣ ቀዳዳው ውስጥ ያለው ግን ድንጋይ ሆኖ ቀረ። ጠበቅ አድርጌ ተጫንኩ፤ ቦርዱ የተቃጠለ ቀንድ መሽተት ጀመረ። እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ይህን ስጽፍ እንኳ እጄን መምታት ያምረኛል።

ሁለቱ እግሮች ላላ ብለው ሦስተኛው ሲቀር መብራት ሄደ። ጤነኛ ሰው ዕቃውን አስቀምጦ ቡናውን ይጠጣል። እኔ ግን «መበየጃው ሳይበርድ ልጨርሳት» ብዬ በአንድ እጄ እያሞቅኩ በሌላው ስዊቿን በፒንሳ ይዤ ጎተትኩ። ቅርጭ አለች። ወጣችልኝ ብዬ ደስ አለኝ። ወደ ብርሃኑ ዞር አድርጌ ሳያት እግሯ ላይ ምስር የማታክል የመዳብ ቀለበት ተንጠልጥላለች፤ ከቀለበቷ ደግሞ ፀጉር የመሰለ ክር ተከትሏት መጥቷል። ሊዱ የሚያርፍበትን መዳብ ከነመንገዱ ነው የገነጠልኩት። ከሦስቱ እግሮች አንዱ ብዙ ጊዜ ሥራ ስለሌለው ምናልባት እሱ ይሆናል ብዬ ተጽናናሁ። አልነበረም።

መብራት የመጣው ከመሸ በኋላ ነው። አዲሷን ስዊች በየድኳት፤ ማውዙ በርግጥ ጸጥ አለ፣ የግራው ቁልፍ ሞቷላ! ሰኞ የሚከላከል ተማሪ እየጠበቀኝ ስለነበር ኮምፒውተሩ ላይ የግራና የቀኙን ሥራ አቀያይሬ ሁለት ቀን በመሃል ጣቴ ሠራሁ። ስንቱን አንቀጽ ሳላስበው እንደሰረዝኩ እኔና እሱ ነን የምናውቀው።

ማክሰኞ አራዳ ወዳለ ሞባይል ጠጋኝ ወሰድኩት። ልጁ አንዴ አየውና፣ «ጋሼ፣ ማን ምጠጡ አልዎት? ይጨምሩበታል እንጂ!» አለኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። ዛሬ ፋብሪካ የሚጠቀመው ሊድ ስሙ ብቻ ነው ሊድ (በእንግሊዝኛ እርሳስ ማለት ነው)፤ እርሳስ የለበትም፤ የሚቀልጠው ወደ 217 ዲግሪ ገደማ ነው። እኛ የምንገዛው እርሳስ ያለበት ባለ 63/37 (63 እጅ ቆርቆሮ፣ 37 እጅ እርሳስ) ግን 183 ላይ ይቀልጣል። የኛን በላዩ ስትጨምርበት ይቀላቀሉና መቅለጫው ይወርዳል፤ ሦስቱም እግሮች በአንድ ጉብታ ሥር ሆነው አብረው ይሞቃሉ፤ ስዊቿ ሳትጎተት በወረንጦ ትነሳለች። የቀኙን እያየሁ እንደዚያ አደረገው፤ ሻይ አዝዤ ሻዩ ሳይመጣ አለቀ። የተገነጠለውን ደግሞ የቦርዱን አረንጓዴ ቀለም በምላጭ ፍቆ፣ ከኔትወርክ ኬብል በመዘዛት ቀጭን ሽቦ አገናኘው። ከመክደኑ በፊት ሰክቶ ሞከረው፤ እኔ ያን እንኳ አላደረግኩም ነበር።

እርሳስ አትንኩ የሚለው ምክር ለፋብሪካ ይሁን፤ ለአንድ ማውዝ እርሳስ ያለበትን ነው የምመርጠው። ብቻ ውጭ ይሠራ፣ ሕፃን ከመታቀፍህ በፊት እጅህን በሳሙና ታጠብ። ከሁሉ በፊት ግን እንጀራህን የምትበላበትን ማውዝ አትክፈት፤ የተጣለ ፈልገህ በሱ ተለማመድ።

አሁን ግራም ቀኝም ድምፃቸው ትራስ ላይ ጣት እንደማሳረፍ ነው፤ ትንሽ ልል ይላሉ፣ ይለመዳል። የመሃሉ ጎማ ስዊቹ ሌላ ዓይነት ስለሆነ አሁንም ይጮሃል፤ ሌሊት አልነካውም። ያቺን የመዳብ ቀለበት ስክሪኑ ጠርዝ ላይ በፕላስተር ለጥፌያታለሁ። አማቴ ባለፈው ጠጋ ብለው አይተዋት፣ «የልጅቷ ጉትቻ ናት?» አሉኝ።