አንድ ሰከንድ የሚያስታውስ ሳጥን

የጊታር ድምፅን የሚለዋውጥ ሳጥን ራስ የሚገጣጥምበትን የዲጂታል ድምፅ ኢፌክት ኪት ስከፍተው የሰርኪት ቦርድ፣ በየከረጢቱ የተከፋፈሉ ሬዚስተሮችና ካፓሲተሮች፣ አራት ፖቴንሺዮሜትሮች (መጠን ማስተካከያ መዘውሮች)፣ የጊታር ገመድ መሰኪያዎች፣ በእግር የሚረገጥ ማብሪያና የአሉሚኒየም ሳጥን አገኘሁ። ከሁሉም በላይ ያጓጓኝ ግን 28 እግሮች ያሉት ኤፍቪ-1 የተባለው ጥቁር ቺፕ ነበር። የነደፈው ኪዝ ባር ነው፤ ኤምኤክስአር የተባለውን የኢፌክት መሣሪያ አምራች ከመሠረቱት አንዱ ሲሆን፣ በኋላም አሌሲስ የተባለውን የድምፅ መሣሪያ ኩባንያ አቋቁሟል። የመጀመሪያዎቹ ዲጂታል የሪቨርብ (ድምፅ በአዳራሽ ውስጥ እንደሚያስተጋባ የሚያስመስሉ) መሣሪያዎች ትላልቅና ከባድ ዕቃዎች እንደነበሩ ሳስብ፣ ያንኑ ዓይነት ሥራ የሚሠራ ነገር በጣት ጫፍ ላይ ማስቀመጥ መቻሌ እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል።

ቺፑ የጊታሩን ድምፅ በሰከንድ 32,768 ጊዜ እየለካ ወደ ቁጥር ይለውጠዋል። በኳርትዝ የእጅ ሰዓት ውስጥ ያለው ክሪስታልም በሰከንድ የሚርገበገበው ይህንኑ ያህል ነው፤ ቁጥሩ 15 ጊዜ በተከታታይ ለሁለት ሲከፈል በትክክል አንድ ስለሚደርስ፣ ለሰዓት የተመረጠው በዚህ ምክንያት ነው። በኪቱ ውስጥ የመጣው ክሪስታልም ከሰዓት ክሪስታል አይለይም። የቺፑ ማህደረ ትውስታ የሚይዘው ደግሞ እንዲሁ 32,768 ናሙናዎችን፣ ማለትም የተለኩ ቁጥሮችን፣ ነው። ስለዚህ ይህ ሳጥን ከሰማው ድምፅ ውስጥ የሚያስታውሰው አንድ ሰከንድ ብቻ ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ 170 ሜትር ገደማ ርቆ ከሚገኝ ገደል ተጋጭቶ የሚመለስ የገደል ማሚቶ የሚፈጀውን ጊዜ ያህል መሆኑ ነው።

መገጣጠሙ ራሱ ትዕግሥት እንጂ ልዩ ችሎታ አይጠይቅም። በመጀመሪያ የቺፑን እግሮች፣ ቀጥሎ አጫጭሮቹን ሬዚስተሮች፣ በመጨረሻም ረጃጅሞቹን ካፓሲተሮች በየዳሁ። በቺፑ እግሮች መካከል ያለው ርቀት 1.27 ሚሊ ሜትር ብቻ በመሆኑ፣ ሁለት የማዕዘን እግሮችን አስቀድሞ በጥቂት ሶልደር (ቀልጦ የሚያያይዝ የብረት ቅይጥ) ማሰርና አቀማመጡን በማጉያ መነጽር ማረጋገጥ፣ ከዚያም ሶልደሩ በደንብ እንዲይዝ የሚረዳውን ፍላክስ ቀብቶ የቀሩትን መጨረስ ይሻላል። የኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተሮችን አቅጣጫ ሁለት ጊዜ አየሁ፤ ረጅሙ እግር ፖዘቲቭ፣ መስመር የተሰመረበት ጎን ኔጋቲቭ ነው።

9 ቮልት ሰጥቼ ጊታሩን ስሰካ ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣ፤ ኢፌክቱ ግን አልነበረም። መጀመሪያ ላይ ልቤ ስብር ቢልም፣ የሰርኪቱን ስዕል ዘርግቼ ሳጤነው ብልሽቱ ራሱ ብዙ እየነገረኝ መሆኑን ተረዳሁ። በዚህ ኪት ውስጥ የጊታሩ ድምፅ ቲኤል072 ከተባለው ኦፕ-አምፕ (የኤሌክትሪክ ምልክትን ከሚያጎላ ቺፕ) በኋላ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ሳይነካ ወደ መውጫው ይሄዳል፤ ሌላው በቺፑ ውስጥ አልፎ በመጨረሻ ከመጀመሪያው ጋር ይቀላቀላል። ቀጥተኛው ድምፅ ከተሰማ ኦፕ-አምፑም፣ መሰኪያዎቹም፣ ገመዶቹም ጤነኞች ናቸው ማለት ነው። የሚጠረጠረው ቺፑና በዙሪያው ያለው ብቻ ነበር።

የኤሌክትሪክ መለኪያውን መልቲሜትር ቮልቱን ለቺፑ ወደሚመጥነው ሬጉሌተር ወሰድሁ፤ የሚወጣው 3.3 ቮልት ትክክል ነው፤ በቺፑ የኃይል እግሮች ላይም ያው ተገኘ። እንግዲህ ቺፑ ኃይል እያለው የማይሠራ ከሆነ የቀረው የልብ ትርታው፣ ማለትም ክሪስታሉ ነበር። በማጉያ መነጽር ስመለከተው፣ የአንደኛው እግር ሶልደር እንደ ሌሎቹ ከማንጸባረቅ ይልቅ ደብዝዞና ሻክሮ ታየኝ። ምክንያቱን አውቀዋለሁ። የምጠቀምበት 60 በመቶ ቆርቆሮና 40 በመቶ እርሳስ የሆነ ሶልደር ሲቀዘቅዝ ከ190 እስከ 183 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ እንደ ገንፎ ይሆናል፤ በዚያች አጭር ጊዜ ክፍሉ ቢነቃነቅ መጋጠሚያው ውስጡ ይሰነጣጠቃል። እኔም ክሪስታሉን በጣቴ ይዤ ሳለሁ ቶሎ ለቅቄው ነበር። መበየጃውን ለሁለት ሰከንድ ያህል መልሼ ሳሳርፍበት፣ ከጥቂት አዲስ ሶልደር ጋር፣ ሪቨርቡ ክፍሉን ሞላው።

ከዚያ በኋላ የቀረው ቀጭን የፉጨት ድምፅ ነበር፤ የመግቢያውን ገመድ ከኃይል ገመዱ አርቄ በሌላኛው የሳጥኑ ጎን ሳሳልፈው ጠፋ።

ቺፑ አብረውት የተሠሩ ስምንት ኢፌክቶች አሉት፤ ከእነዚህ ውጭ ሌሎች ስምንት ፕሮግራሞችን ከጎኑ ካለች ትንሽ የማስታወሻ ቺፕ ማንበብ ይችላል። ለእኔ የኪቱ እውነተኛ ሀብት ይህ ነው። እያንዳንዱ ፕሮግራም ቢበዛ 128 ትእዛዞች ይኖሩታል፤ እነዚህም ለእያንዳንዱ ናሙና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይፈጸማሉ፤ በሰከንድ ከአራት ሚሊዮን በላይ ትእዛዞች ማለት ነው። ቦታው ጠባብ ስለሆነ ሰው እያንዳንዷን መስመር እያሰበ ይጽፋል፤ እኔም ይህን ጥበት ወድጄዋለሁ።

የመጀመሪያዬ ፕሮግራም ቀላል የገደል ማሚቶ ነበር። የገባውን ናሙና በማህደሩ መጀመሪያ ላይ ማስቀመጥ፣ ከ16,384ኛው ቦታ፣ ማለትም ከግማሽ ሰከንድ በፊት የነበረውን ማንበብ፣ የተነበበውን በ0.5 አባዝቶ ከአዲሱ ጋር እንደገና ማስገባት፤ ሥራው ይኸው ነው። ድምፁ በየዙሩ ግማሽ ስለሚሆን፣ ከአሥር ዙር በኋላ ከመጀመሪያው 1/1024 ያህል ብቻ ይቀራል፤ ይህም በድምፅ መጠን መለኪያ የ60 ዴሲቤል ቅናሽ ሲሆን፣ የአዳራሽ ድምፅ ረገበ የሚባልበት የተለመደው መለኪያ ነው። አሥር ዙር በግማሽ ሰከንድ ሲሰላ አምስት ሰከንድ ይሆናል። በሰዓት ይዤ አንድ ክር መትቼ ሳዳምጥ፣ ማሚቶው ከጆሮዬ የጠፋው ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ነበር።

ሆኖም ድምፁ አላረካኝም። እያንዳንዱ ድግግሞሽ ከፊተኛው ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ መጠኑ ብቻ ያንሳል፤ በእውነተኛ ገደል ግን እንዲህ አይሆንም፤ አየሩና የገደሉ ገጽ ቀጫጭኖቹን ድምፆች ከወፍራሞቹ ይበልጥ ይውጧቸዋል። ስለዚህ በዙሩ ውስጥ ቀጫጭን ድምፆችን የሚቀንስ ማጣሪያ በጥቂት ትእዛዞች ጨመርሁ፤ መጠኑንም ከሦስተኛው ፖቴንሺዮሜትር ጋር አገናኘሁት። አሁን እያንዳንዱ ማሚቶ ከቀደመው ይልቅ እየለሰለሰና እየራቀ ይሄዳል፤ ከምጫወተው ዜማ ጋርም አይጋፋም። ከስምንቱ ቦታዎች ሰባቱ ገና ባዶ ናቸው፤ በሁለተኛው ላይ ርዝመታቸው እኩል ባልሆነ አጫጭር መዘግየቶች የሚሠራ ሪቨርብ መጻፍ ጀምሬያለሁ።