ዘግይቶ የደረሰ ጋዜጣ

ሰሞኑን ወሬ የሚባል ነገር መስማት አልፈለግሁም ነበር። ምክንያቱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ የማታውቁትም ብዙ አልቀረባችሁም። ስለዚህ ያ ቸኳይ ወዳጄ በነሐሴ ሙቀት መካከል «ነገ ጎሕ ሲቀድ ወደ በረዶው እንውጣ» ሲለኝ፣ እንደ ወትሮው ሰበብ ሳልደረድር እሺ አልሁት። እርሱ መንገድ ላይ የማያወራ፣ ወደ ፊት እንጂ ወደ ጎን የማያይ ሰው በመሆኑ፣ ለዚያን ቀን ስሜቴ ከእርሱ የተሻለ ጓድ አይገኝም ነበር።

የሄድነው በፈረንሳይ ከሻሞኒ ሸለቆ በላይ ወዳለው ላ ዦንክሲዮን ነው። ከአልፕስ ተራሮች ረጅሙ ከሆነው ከሞን ብላን ጫፍ ቁልቁል የሚወርደው የበረዶ ግግር እዚያ ሲደርስ አንድ የአለት ሸንተረር ይገጥመውና ለሁለት ይከፈላል፤ አንደኛው ክንፍ ቦሶን፣ ሌላው ታኮና ይባላል። እግረኛው የሚወጣው በዚያው ሸንተረር ጀርባ ላይ ስለሆነ፣ ከደኑ ወጥቶ ገላጣው ላይ ከደረሰ በኋላ በረዶው በግራም በቀኝም ያጅበዋል። መድረሻው ከባሕር ጠለል በላይ 2,589 ሜትር ሲሆን፣ ከመነሻችን እስከዚያ ያለው ሽቅብ 1,400 ሜትር ገደማ ይሆናል። ይህን በአንድ ቀን ወጥቶ መውረድ ለጉልበት ቀልድ አይደለም፤ ሲወርዱ ደግሞ ይብሳል።

ደኑን በዝምታ አለፍነው። ዛፎቹ አልቀው መንገዱ አለታማ ሲሆን፣ አልፎ አልፎም እጅን ጭምር መጠቀም ሲያስፈልግ፣ ወዳጄ እንደ ልማዱ ጥሎኝ ሄደ። ከመድረሻው ጥቂት ዝቅ ብሎ በባልማ ስም የሚጠራ ቦታ አለ፤ ክሪስታል ፈላጊው ዣክ ባልማና ሐኪሙ ሚሼል ጋብሪኤል ፓካር ሞን ብላንን ለመጀመሪያ ጊዜ የረገጡት እ.ኤ.አ. ነሐሴ 8 ቀን 1786 ሲሆን፣ የዋዜማውን ሌሊት ያሳለፉት እዚሁ ሸንተረር ላይ ነው። ሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ ስለ እነርሱ ብዙ ባሰብሁ። ያን ቀን ግን ያሰብሁት ስለ ትንፋሼ ብቻ ነበር።

ዳር ላይ ደርሼ ተቀመጥሁ። ያለ ገመድና ያለ መሪ ወደ በረዶው መግባት የማይታሰብ በመሆኑ፣ ከአለቱ ጫፍ ሆኖ ማየት ብቻ ነው የሚቻለው። ከሩቅ ነጭ የሚመስለው ነገር ከቅርብ ሲታይ ነጭ አይደለም። ላዩ በጠጠርና በአቧራ ጠቁሯል፤ በአንድ ትልቅ ስንጥቅ ግድግዳ ላይ ደግሞ ጣት የማታህል ቀላ ያለች መስመር በአግድም ተሰምራ አየሁ። ነፋስ የሰሃራን አቧራ ባሕር አሻግሮ እነዚህ ተራሮች ላይ እንደሚያራግፍና በማግስቱ የሚጥለው በረዶ እንደሚሸፍነው አውቃለሁና፣ መስመሯ የዚያ ትሆን ይሆን ብዬ ተጠራጠርሁ። ወደ ታች ሲዘልቅ ስንጥቁ ሰማያዊ ይሆናል፤ የታመቀ በረዶ ቀዩን ብርሃን ውጦ ሰማያዊውን ስለሚያሳልፍ ነው። ከሥር ውኃ ይንሿሿል፤ አልፎ አልፎም ከወደ ላይ የሆነ ነገር ተገምሶ ይወድቅና ድምፁ ዘግየት ብሎ ይደርሳል።

ሐሳቤ ካሰብሁት ውጭ የሄደው እዚህ ላይ ነው።

የበረዶ ግግር ቆሞ የሚታይ ይምሰል እንጂ ይሄዳል። ላይ የወደቀው በረዶ በላዩ በሚከመረው ክብደት እየታመቀ፣ አየሩ እየተጨመቀ ወጥቶ ጠጣር ይሆናል፤ ከዚያም በገዛ ክብደቱ ቁልቁል ይፈስሳል። ቦሶን ደግሞ ከአልፕስ ጫፍ ወደ ሸለቆ በጣም ቀጥ ብሎ የሚወርድ ግግር በመሆኑ ጉዞው ፈጣን ነው። ላይ የተዋጠው ነገር ሁሉ፣ ከሚጥለው በረዶ የሚቀልጠው በሚበልጥበት በታችኛው ጫፍ ተመልሶ ይወጣል። በ1820 የሩሲያ መንግሥት አገልጋይ የነበረው ዶክተር ሐመል ወደ ጫፉ በሚወጣበት ጊዜ ናዳ ወርዶ ሦስት መሪዎችን ወደ ስንጥቅ ከተታቸው። ስኮትላንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ጄምስ ፎርብስ የግግሩን ፍጥነት መነሻ አድርጎ፣ ሰዎቹ አርባ ዓመት ገደማ ቆይተው ታች ሊወጡ እንደሚችሉ አስቀድሞ ገመተ። በ1861 ቅሪታቸው ከነዕቃቸው ብቅ ማለት ጀመረ። ከአደጋው የተረፈ አንድ መሪ ያን ጊዜ ሸምግሎ በሕይወት ነበርና የባልንጀሮቹን ዕቃ ለየ። ይህን ሰው ሳስበው ምን እንደሚሰማኝ አላውቅም፤ እርሱ አርጅቷል፣ እነርሱ ግን እንደ ወደቁ ናቸው።

ይሁንና ያን ቀን የያዘኝ የመሪዎቹ ታሪክ አልነበረም፤ ጋዜጣ ነበር። እ.ኤ.አ. ጥር 24 ቀን 1966 ወደ ጄኔቭ ሊያርፍ ዝቅ ይል የነበረ የኤር ኢንዲያ ቦይንግ 707 ከሞን ብላን ጋር ተጋጭቶ የተሳፈሩት 117 ሰዎች በሙሉ አለቁ፤ የህንድ የኑክሌር ምርምር አባት የሚባለው ሆሚ ባባም ከመካከላቸው ነበረ። ከዚያ ወዲህ ግግሩ የዋጠውን በየተራ ይመልሳል። በ2012 የዲፕሎማቲክ ፖስታ ከረጢት፣ በ2013 መረግድና ሰንፔር የሞላበት ሣጥን ተገኘ፤ ሣጥኑን ያገኘው ተራራ ወጪ ለፖሊስ አስረክቦ ነበር። በ2020 የበጋ ወራት ደግሞ አንድ የአካባቢው ቡና ቤት ባለቤት ከግግሩ ላይ የጥር 1966 የህንድ ጋዜጦችን አንሥቶ በፀሐይ አስጥቶ አደረቃቸው። ይነበባሉ። ትልቁ ርዕስ ኢንድራ ጋንዲ የአገሪቱ የመጀመሪያዋ ሴት ጠቅላይ ሚኒስትር ልትሆን መመረጧን የሚያበስር ነው፤ ቃለ መሐላ የፈጸመችውም አውሮፕላኑ በወደቀበት በዚያው ቀን ነው።

ጋዜጣውን ያዘጋጁት ሰዎች ስለ ሴትየዋ የማያውቁትን፣ ያደረቀው ባለ ቡና ቤት ያውቃል። የሥልጣን ዘመኗን፣ ልጇን፣ በ1984 በገዛ ጠባቂዎቿ መገደሏን፣ ሁሉንም ያውቃል። ወረቀቱ ግን ምንም ሳይሰማ፣ ያንኑ የጠዋት ጉጉቱን እንደ ያዘ፣ «አዲስ ወሬ!» እያለ ወጣ። ወሬ ሸሽቼ ተራራ የወጣሁት እኔ፣ የሃምሳ አራት ዓመት ወሬ ላይ ተጥጄ ቁጭ አልሁ። በነገራችን ላይ፣ ያ ጋዜጣ ያሳዘነኝ በርዕሱ አይደለም። አንድ ተሳፋሪ ከመቀመጫው ላይ ዘርግቶት፣ ገና ውስጡን ሳይገልጥ፣ «ጄኔቭ ስንደርስ እጨርሰዋለሁ» ብሎ አጥፎት ሊሆን እንደሚችል በማሰቤ ነው።

ከዚህ በኋላ ቦርሳዬ ውስጥ ያለውን ማስታወሻ ደብተር አውጥቼ፣ አሁን ይህ ነገር ከእጄ አምልጦ እዚያ ስንጥቅ ውስጥ ቢገባ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ምን ይነበባል ብዬ የሳምንቱን ገጽ ገለጥሁ። እንዲህ ዓይነት ቦታ ላይ ሆኖ ሲያስቡት፣ ሰው ቢያንስ አንድ ቁም ነገር ጽፌአለሁ ብሎ ይጠብቃል። የተገኘው ስለ ቀኝ ጉልበቴ የሚያማርር አንድ አንቀጽ፣ ጸሐፊው ራሱ ምን እንደሆነ የዘነጋው አንድ ቁጥር፣ ከዚያም በታች «ለእሷ መደወል» የሚል መስመር ነው፤ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። በማግስቱ ገጽ ላይም ያው መስመር አለ። በሦስተኛው ላይ «መደወል» ብቻ ቀርቷል።

ግግሩ እስከዚያ ድረስ ከቆየና ፊደላችንን የሚያነብ ሰው ካጋጠመው፣ ያ ሰው እርጥቡን ወረቀት ድንጋይ ላይ ዘርግቶ፣ ጠርዙን በጠጠር አስይዞ፣ በትዕግሥት ያደርቀዋል። ስለ እኛ ዘመን እኔ የማላውቀውን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ይሆናል፤ ጦርነቶቻችን በምን እንዳለቁ፣ የትኛው ፍርሃታችን እውነት እንደነበረ፣ የትኛውስ ከንቱ እንደሆነ ያውቃል። ከእኔ ሊሰማ የሚፈልገው ነገር ካለ አንድ ብቻ ነው፤ ለመሆኑ ሰውዬው ደወለ?

ወዳጄ ተነሥቶ ምርኩዞቹን እያስተካከለ «ምን ትቆዝማለህ? እንውረድ እንጂ» አለኝ። ስልኬን አውጥቼ ተመለከትሁት። ለሰበብ እንኳ እንዳይመች፣ እዚያ ጫፍ ላይ ኔትወርኩ ሙሉ ነበር።