«ስድስት ሜትር»

ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ነው። ለአንድ ሕንፃ መሠረት የአፈር ምርመራ እናካሂዳለን። የእኔ ድርሻ ከጉድጓዱ የሚወጣውን ናሙና እያዩ መመዝገብ ነበር።

6 ሜትር ላይ የማሽኑ ድምፅ ተቀየረ። ኦፕሬተሩ «ዓለት ነው» አለኝ። የወጣው ኮር፣ ማለትም ማሽኑ ቆርጦ የሚያወጣው ዱላ መሳይ ናሙና፣ ባዛልት የሚባል ጥቁር ግራጫ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ አንድ ስንጥቅ እንኳ የለውም። በመዶሻ ነካ ሳደርገው እንደ ብረት ጮኸ። አንድ ሜትር ያህል አወጣንና «ከ6 ሜትር ጀምሮ ጽኑ ዓለት» ብዬ ጻፍኩ። እውነቱን ለመናገር መሽቶም ነበር፤ ሁላችንም ልባችን ወደ ቤት ሄዷል።

አለቃዬ መጥቶ የኮር ሳጥኑን አየ። ያን የመሰለ ባዛልት ትቶ ከሱ በላይ የወጣውን ቡናማ ቁራጭ አነሳ። በጣቱ ጨመቅ ሲያደርገው ፍርክስክስ አለ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አፈር ነው፣ ጋሼ።»

«ድንጋይ ነበር። ልብ ብለህ እየው።»

አየሁት። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የተነባበረ ነው። የማዕድኖቹ ቅርጽ እንዳለ አለ፤ ጥንካሬው ግን ጠፍቷል። «ማሽኑን እንዳታነሱ» አለና ቆመ።

ግማሽ ሜትር ያህል እንደወረድን ዘንጉ ድንገት ቀለለውና ሰመጠ። የወጣው ያው ቡናማ ጭቃ ነበር። ጽኑ ያልኩት ዓለት አፈር ውስጥ የተቀበረ ድቡልቡል ድንጋይ ኖሯል!

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓለት ስንጥቅ አያጣም። የዝናብ ውሃ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ደካማ አሲድ ይሆንና በስንጥቁ ይገባል። ፌልድስፓር የሚባለውን ማዕድን ቀስ በቀስ ወደ ሸክላ አፈር ይለውጠዋል። ባዛልት ውስጥ ያለው ብረትም ይዝጋል፤ ቡናማው ቀለም የሚመጣው ከዚያ ነው። በስንጥቆች መሃል የቀረውን ብሎክ ውሃው ማዕዘኑ ላይ ከሦስት በኩል ያገኘዋል፤ ጠርዙን ከሁለት፣ ፊቱን ከአንድ። ስለዚህ ማዕዘኑ ቀድሞ ያልቃል፣ ድንጋዩም ይድቦለቦላል። መሃሉ ግን ሳይበሰብስ እንደጠነከረ ይቀራል። እኔን የሸወደኝ እሱ ነው።

ሕንፃው እዚያ ላይ ቢያርፍ አንዱ እግሩ ድንጋይ፣ ሌላው ጭቃ ይረግጥ ነበር። እኩል ካልሰመጠ ደግሞ ግድግዳው መሰንጠቁ አይቀርም።

እውነተኛውን ዓለት ያገኘነው 11 ሜትር ላይ ነው። አሁን ድንጋይ ሲገኝ ቢያንስ 3 ሜትር ሳልበሳ እስክሪብቶ አላነሳም፤ ትልልቅ ድንጋይ በሚበዛበት ቦታማ እሱም ላይበቃ ይችላል። ኦፕሬተሩ ግን እስከ ዛሬ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። ባገኘኝ ቁጥር «እንዴት ነህ፣ ስድስት ሜትር?» ነው የሚለኝ።