ከ40ኛው ደቂቃ በኋላ ያለው ግድግዳ

ስልኩ ሲጮህ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር። የቃለ መጠይቃችንን ቀለም የምታስተካክለው ከለሪስታችን ናት። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። «ከ40ኛው ደቂቃ በኋላ ካሜራ ቀይራችኋል እንዴ?» አለችኝ።

አልቀየርንም። ካሜራው ያው የሶኒ ኤፍኤክስ6 ነው። ሌንሱም፣ መብራቱም፣ እንግዳው የተቀመጡበት ወንበርም ንቅንቅ አላለም። ይህንኑ ነገርኳት። «እንግዲያው ነገ ናና ግድግዳውን እየው» ብላ ዘጋችው።

ጠዋት ስደርስ ሁለቱን ክፍል ጎን ለጎን ከፍታ ጠበቀችኝ። ቃለ መጠይቁን የቀረጽነው ባዶ ግራጫ ግድግዳ ፊት ነው። አንድ መብራት ከግራ ለቀንበት፣ ወደ ቀኝ ቀስ እያለ እንዲጨልም አድርገናል። እንግዳው ከመግባታቸው በፊት ግማሽ ሰዓት ሙሉ የደከምኩት ለዚያ ብርሃን ነው። በግራው ስክሪን ላይ እንዳሰብኩት ልስልስ ብሎ ይወርዳል። በቀኙ ግን ተራራ ላይ እንደተሠራ እርከን ተሸንሽኗል። ባንዲንግ የሚሉት ነው። ቁጭ ብሎ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ መቁጠር ይቻላል።

ያኔ ሜኑው ትዝ አለኝ።

የዚያን ቀን ሁለት ካርድ ብቻ ነበረን፣ ሁለቱም 128 ጊጋ። አንደኛው የጠዋቱን ቀረጻ ይዟል፤ ገና ወደ ሃርድ ዲስክ አልተገለበጠም። ያልተገለበጠ ካርድ ደግሞ አይነካም። እዚህ ላይ እንኳ ጨዋ ነበርኩ። በቀረው ካርድ ጀመርን። ካሜራውን ያዘጋጀሁት በኤክስኤቪሲ-አይ (ምስሉ ታምቆ የሚቀመጥበት መንገድ ነው)፣ በአራት ኬ (3840 በ2160 ፒክስል)፣ በሴኮንድ 25 ፍሬም ነው። እንዲህ ሲሆን በሴኮንድ 250 ሜጋቢት ይጽፋል፤ 128 ጊጋ ከአንድ ሰዓት ብዙም አያልፍም። እንግዳችን ደግሞ ጨዋታ አዋቂ ናቸው። 40 ደቂቃ ሄዶ ገና ከልጅነታቸው አልወጡም። ስክሪኑ ጥግ ላይ 28 ደቂቃ ቀረህ ይለኛል።

ዳይሬክተሩ «ትንሽ ውሃ ይጠጡ፣ ይረፉ» ሲላቸው እኔ ሜኑ ውስጥ ገባሁ። ከኤክስኤቪሲ-አይ ወደ ኤክስኤቪሲ-ኤል፣ በአጭሩ ከአይ ወደ ኤል አዞርኩት። 250 የነበረው 100 ሜጋቢት ሆነ፤ 28 ደቂቃውም 70 ሆነ። አጠገቤ ለነበረው ረዳት ጉራዬን ነዛሁበት። አይ እያንዳንዱን ፍሬም ለብቻው ያስቀምጣል። ኤል ግን አንዱን ሙሉ ይይዝና ለሚከተሉት የተለወጠውን ብቻ ይመዘግባል። የተቀመጠ ሰው፣ የቆመ ግድግዳ፣ ምኑ ይለወጣል? አልኩት። ልጁም ራሱን ነቀነቀ።

ይህ ስሌት አሁንም ትክክል ነው። ሌላውን ነገር ነው ያላየሁት። በዚያ ካሜራ ኤል በአራት ኬ ሲሆን 10 ቢቱ ወደ 8 ቢት፣ 4:2:2ውም ወደ 4:2:0 ይወርዳል። ቢቱ ስንት የብርሃን ደረጃ እንዳለ ይወስናል፤ እነ 4:2:2 ደግሞ ከቀለሙ መረጃ ምን ያህሉ እንደሚቀመጥ። መመሪያው ላይ ተጽፏል። እኔ ግን የቸገረኝ ደቂቃ ነበር፤ ያየሁትም ደቂቃውን ብቻ ነው። ያችው 3.5 ኢንች ስክሪን ደግሞ ልዩነቱን አታሳይም። ከለውጡ በፊት የነበረውና በኋላ የመጣው ምስል እሷ ላይ መንታ ናቸው።

8 ቢት ሁልጊዜ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ቀለሙ ካሜራው ውስጥ ያለቀለት ምስል ከሆነ ብዙ ጊዜ ይበቃል። እኛ ግን በኤስ-ሎግ3 ነው የቀረጽነው፤ ቀለሙና ኮንትራስቱ በኋላ እንዲሠራ ምስሉን ደብዛዛ አድርጎ የሚይዝ የሶኒ «ሎግ» ነው። ሎግ ከጨለማው እስከ ደማቁ ያለውን ሰፊ ብርሃን በአንድ ፋይል ለመያዝ ሲል ያሉትን ደረጃዎች ለስቶፖቹ ያከፋፍላል፤ አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑ እጥፍ ወይም ግማሽ የሚሆንበት ርቀት ነው። ከጥቁሩ ጫፍ በስተቀር ክፍፍሉ እኩል ለእኩል ነው ማለት ይቻላል። በ10 ቢት 1024 ደረጃ አለ፤ ለአንድ ስቶፕ 79 ያህል ይደርሰዋል። በ8 ቢት ያለው 256 ነው፤ ለአንድ ስቶፕ 20 ገደማ። የኛ ግድግዳ ከግራ ጫፍ እስከ ቀኝ ጫፍ የሚወርደው አንድ ስቶፕ ያህል ነው። እንግዲህ 3840 ፒክስል ለ20 ሲካፈል እያንዳንዱ እርከን 192 ፒክስል ይሰፋል። ፋይሉ እንደተከፈተ ሎግ ደብዛዛ ስለሆነ አይታወቅም። ኮንትራስቱ ሲሳብ ግን በአንዱ እርከንና በሌላው መካከል ያለው ልዩነትም አብሮ ይሳባል።

ጥፋተኛ ሰው ሐሳብ አያጣም። «ወደ ፕሮሬስ 422 ኤችኪው ልቀይረው፣ እሱ 10 ቢት ነው» አልኳት፤ ፕሮሬስ ለኤዲቲንግ የሚመች ትልቅ የቪዲዮ ፋይል ነው። ሳቀችና «ቀይረው» አለችኝ። በኤል የተቀረጸው 50 ደቂቃ 37 ጊጋ ገደማ ነበር። ተቀይሮ ሲወጣ ከ270 ጊጋ በላይ ሆነ። ከፈትነው። እርከኖቹ አንድም ሳይጎድሉ እዚያው ተደርድረዋል። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ። ፕሮሬስ ሰፊ ጎተራ ነው፤ በደረጃዎቹ መካከል የነበረው ብርሃን ግን ካሜራው ውስጥ ተጥሎ ቀርቷል።

ከዚያ የባሰው መጣ። «ለመሆኑ የምናስረክበው በምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። በኤችዲ፣ በ1920 በ1080። ዝም ብላ አየችኝ።

እውነት ነው፣ ወደ ኤችዲ ስናወርደው አንድ ነገር ተቃለለ። 4:2:0 በአራት ኬ የቀለሙን መረጃ የሚይዘው በ1920 በ1080 ልክ ነው፤ ይህ ለኤችዲ ሙሉ ነው። የእንግዳው ቀይ ሹራብ ጠርዝ ላይ የነበረው ጥርስ ጥርስ ነገር ጠፋ። ግድግዳው ግን እምቢ አለ። አራት ፒክስል አንድ ሲሆን የሚወሰደው አማካይ ነው፤ አራቱም አንድ ዓይነት ቁጥር ከያዙ አማካዩም ያው ነው። ያንገበገበኝ ግን ይህ አይደለም። በዚያው ካሜራ ኤል በኤችዲ ሲሆን 10 ቢትና 4:2:2 ነው፣ ያውም በ50 ሜጋቢት። አራት ኬውን ብተወው ኖሮ 28ቷ ደቂቃ 140 ትሆን ነበር፣ ግድግዳዬም ይተርፍ ነበር። እኔ ግን ኤችዲ ዝቅ ማለት መስሎኝ ጭራሽ አላሰብኩትም።

አሁን የካሜራው ሳጥን ክዳን ላይ ነጭ ቴፕ ለጥፌያለሁ። በማርከር «ኤል በአራት ኬ = 8 ቢት» ይላል። ከሥሩ ረዳቱ በራሱ እጅ «ሦስተኛ ካርድ!» ብሎ ጨምሮበታል። ከኔ ይልቅ እሱ ሳይገባው አልቀረም።

ፊልሙን ያዳነችው ከለሪስቷ ናት። ግድግዳውን ከሰውየው ለይታ ኮንትራስቱን ቀነሰችለት፣ ከዚያ ግሬይን፣ እንደ አሸዋ ያለ ደቃቅ ነጠብጣብ፣ ነዛችበት። የእርከኖቹ ጠርዝ በግሬይኑ ተበታትኖ ለዓይን ጠፋ። ግን ኤዲተሩ ከእረፍት በፊትና በኋላ ያለውን ንግግር እያፈራረቀ ነው የቆረጠው። አንዱ ግድግዳ ንጹሕ፣ ቀጣዩ ግሬይናም ሆኖ ይዘላል። ስለዚህ እንዲመሳሰል ብላ በ10 ቢት በተቀረጸው፣ ልስልስ ብሎ በሚወርደው ላይም ያንኑ ግሬይን ነዛችበት። እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አየሁ።