ያለ ምዝገባ የሚገባበት አዳራሽ

የፈረንሳዩ ፈላስፋ ሚሼል ኦንፍሬ ስሙ በተነሣ ቁጥር የሚወራው ስለ ጠቡ ነው፤ እኔ ግን ከጠቡ ይልቅ ተራው ሰው እንዴት እንደወደደው ማወቅ ያጓጓኛል።

እ.ኤ.አ. በ1959 በኖርማንዲ፣ አርዣንታን ተወለደ። አባቱ በሰው እርሻ ላይ ተቀጥረው የሚሠሩ፣ እናቱም በሰው ቤት ጽዳት የሚተዳደሩ ድሆች ነበሩ። 10 ዓመት ሲሞላው ወላጆቹ በሕይወት እያሉ ሳሌዢያን የተባሉት የካቶሊክ መነኮሳት፣ እኛ በዶን ቦስኮ ትምህርት ቤቶቻቸው የምናውቃቸው ማለት ነው፣ ወደሚያስተዳድሩት የዢዬል የሕፃናት ማሳደጊያ ገባ፤ በዚያ ያሳለፋቸውን አራት ዓመታት ካደገ በኋላም በምሬት ደጋግሞ ጽፏቸዋል። በሃይማኖት ላይ ባለው ቁጣ ባልስማማም፣ ከመጻሕፍት ብቻ የተቀዳ እንዳልሆነ ይገባኛል።

ከ1983 ጀምሮ በካን ከተማ (የፊልም ፌስቲቫሏ ካን አይደለችም፤ ይህችኛዋ በሰሜን ናት) በአንድ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ፍልስፍና አስተማረ። በ2002 የቀኝ አክራሪው ዣን ማሪ ለፔን ለፕሬዚዳንታዊው ምርጫ ሁለተኛ ዙር ሲያልፍ አገሩ ደነገጠች፤ ኦንፍሬም ሥራውን ለቅቆ በዚያው ዓመት የካንን ሕዝባዊ ዩኒቨርሲቲ መሠረተ። ክፍያ፣ ምዝገባ፣ ፈተና፣ ዲፕሎማ የሚባል ነገር አልነበረውም፤ ጡረተኛውም፣ ነርሷም፣ ሥራ ፈላጊውም መጥቶ ይቀመጣል። በመጀመሪያው ሰዓት ኦንፍሬ ያስተምራል፣ በሁለተኛው ሰዓት አድማጩ ይጠይቃል፣ ይሞግታል። ርእሱም በመማሪያ መጻሕፍት ጥግ የተገፉ አሳቢዎች ነበሩ፤ ለምሳሌ ዕድሜ ልኩን ሲቀድስ ኖሮ ከሞተ በኋላ የክህደት ጽሑፉ የተገኘበት የገጠር ቄስ ዣን መሊዬ። ፍራንስ ኩልቱር የተባለው ሬዲዮ ትምህርቶቹን በየበጋው ሲያሰራጭ የአዳራሹ ድምፅ አገር ምድሩን አዳረሰ። እኔም ቅጂዎቹን የማዳምጠው ማታ ማታ ሽሮ እያማሰልኩ ነው፤ አንድም ቀን ሐሳቡ አምልጦኝ ወደ ኋላ መልሼ አላውቅም።

በ2005 ያሳተመው የኢአማኒነት መጽሐፍ በመቶ ሺዎች ተሸጠ፤ በ2010 የሥነ ልቦና ትንተና መሥራቹን ፍሮይድን ሲያብጠለጥል ደግሞ የሥነ ልቦና ተንታኞች በቁጣ ተነሡበት። የጻፋቸው መጻሕፍት ከ100 በላይ ናቸው፤ ይህን ያህል የሚጽፍ ሰው ሁሉን አጣርቶ ይጽፋል ብዬ አላምንም፣ የታሪክ ምሁራንም ስሕተቱን እየነቀሱ አውጥተውበታል። በ2020 ያቋቋመው የፖለቲካ መጽሔት ደግሞ ብዙ የግራ ክንፍ ወዳጆቹን አስቀይሟል።

ከሁሉም ጽሑፎቹ የምወደው ግን ከማንም ጋር የማይከራከርበትን፣ ስለ አባቱ የጻፈውን ነው። በልጅነቱ «ዕድሉን ብታገኝ የት መሄድ ትፈልጋለህ?» ብሎ ሲጠይቃቸው የመለሱለት «ሰሜን ዋልታ» ብለው ነበር። 80 ዓመት ሲሞላቸው፣ ያ የእርሻ ሠራተኛ ከልጁ ጋር በሰሜን ካናዳ፣ በባፊን ደሴት በረዶ ላይ ቆሙ።